የአምሳያ መኪና ዕድሜ በአዋሽና በሰመራ ሙቀት

ከጂቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ መሀል አገር የሚገባ ዕቃ አብዛኛው የአፋርን ቆላ ሳያቋርጥ አይመጣም። ኮንቴይነሩ በጋላፊ ድንበሩን ይሻገራል፤ ሰመራን፣ ሎጊያንና ሚሌን አልፎ የአዋሽን ሸለቆ ሽቅብ በመከተል አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል፤ ወደ ደጋው መውጣት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጉዞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሣጥን ውስጡ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። ስሚንቶና ብረታ ብረት ይህን ሙቀት ከምንም አይቆጥሩትም። አጥብቀው ከሚቆጥሩት ዕቃዎች አንዱ ግን የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አምሳያ መኪና።

ከአንባብያን መካከል ይህን ዕቃ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሊኖር ስለሚችል ምንነቱን በአጭሩ እንግለጽ። የእውነተኛ መኪና እያንዳንዱ ርዝመት በአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ24፣ ተካፍሎ የተሠራ ትንሽ ቅጂ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ግን መኪና አይገኝም። የሚገኙት እንደ ቅጠል ከግንዱ ጋር ከአንድ የፕላስቲክ ፍሬም ጋር የተያያዙ ብዙ ክፍሎች፣ አራት ጎማዎች፣ ታርጋውና ምልክቶቹ የታተሙበት ተለጣፊ ወረቀት እንዲሁም መመሪያ ናቸው። ገዢው ክፍሎቹን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ መኪናውን ራሱ ይሠራዋል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በጃፓን ይህ ሥራ ሦስት ትውልድ አስቆጥሯል፤ ሳይገጣጠሙ የቆዩ አሮጌ ሣጥኖችን ፈልጎ መሰብሰብም ራሱን የቻለ ሙያ ወደ መሆን ደርሷል።

ታሪኩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመጣው የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈርጉሰንን ትራክተር አምሳያ ለትራክተሩ ማስተዋወቂያ እንዲሆን ሠራ። በአሜሪካ ሬቨል በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንት መኪናዎችን በ1/32 ምጣኔ ማውጣት ጀመረ። ለመኪና ሻጮች የማስታወቂያ አምሳያ ሲያቀርብ የኖረው ኤኤምቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንድ ሣጥን በሦስት ዓይነት መልክ ሊገጣጠም የሚችል የ1/25 መኪና ለገበያ አቀረበ። የጃፓኑ ታሚያ በ1/24 ምጣኔ የሠራቸው መኪናዎች በኋላ ዓለምን አዳርሰዋል። ለሀገራችን መንገዶች ቤተኛ ከሆኑት መኪናዎች መካከል ቮልስና ላንድሮቨር በተለያዩ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ በአምሳያ ተሠርተዋል።

እንግዲህ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እናንሣ። ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር ከአባቱ የወረሰውን፣ ያልተገጣጠመ፣ በ1/24 ምጣኔ የተሠራ የቮልስ አምሳያ ይዞ ቢወርድ ዕቃው ምን ይደርስበታል? አዲስ አበባ ቁም ሣጥን ውስጥ 40 ዓመት የቆየ ዕቃ ሌላ 40 ዓመት ይቆያልን?

ርዝመት ያንሳል፣ ሞለኪውል አያንስም

አስቀድመን ምጣኔውን እናስላ። ቮልስ ርዝመቱ 4.07 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 760 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በ24 ሲካፈል ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን በ24 አይካፈልም። ይዘት ርዝመት በወርድ በቁመት ስለሆነ የሚካፈለው በ24 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በ13,824 ነው። ስለዚህ ከዚያው ብረት፣ ከዚያው ጎማና መስታወት በትክክል የተመጠነ ቮልስ 55 ግራም ብቻ ይመዝናል። በ1/72 ምጣኔ ቢሠራ ደግሞ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰና 2 ግራም የሚመዝን ነገር ይሆናል። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የትልልቅ እንስሳት አጥንት ለምን በመጠን እንደሚወፍር ያስረዳው በዚሁ ሕግ ነው።

(እነዚህ እንግዳ የሚመስሉ ቁጥሮች ከእንግሊዞች የርዝመት መለኪያ የመጡ ናቸው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ ጫማው በግማሽ ኢንች ሲወከል 1/24፣ ስድስት ጫማ የሚረዝም ሰው በአንድ ኢንች ሲወከል 1/72 ይመጣል። ሜትር ብቻ ለለመደ ተማሪ ግራ ቢያጋባ አይፈረድበትም።)

የመኪናው ቆርቆሮ ውፍረት ግን ከምጣኔው ጋር አብሮ መሄድ አይችልም። 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የቮልስ ቆርቆሮ በ24 ቢካፈል 0.033 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሰው ፀጉር የቀጠነ ይሆናል። ይህን ያህል የሣሣ ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሊፈስስ ስለማይችል የአምሳያው ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደረጋል። ወደ እውነተኛው መኪና ብንመልሰው 24 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቆርቆሮ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አምሳያው በዓይን ሲታይ ስስ ቢመስልም ከራሱ ክብደት አንጻር እንደ ምሽግ የጠነከረ ነው። በገዛ ክብደቱ አይጎብጥም፤ ሰመራ ላይ ቢጎብጥ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ምክንያቱ ያለው ምጣኔ በማይነካው ነገር ውስጥ ነው። መኪናውን በ24 ስናካፍል አቶሞቹን በ24 አላካፈልንም። የፕላስቲኩ ሞለኪውሎች በትልቁም በትንሹም ዕቃ አንድ ናቸው፤ የሚታዘዙትም ለሙቀት ነው።

አብዛኞቹ አምሳያዎች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከተባለ ፕላስቲክ ነው። ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የቢክ እስክርቢቶ አካል ፖሊስታይሪን ነው። እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሲሆኑ እንደ ጨው ወይም እንደ በረዶ በሥርዓት የተደረደሩ አይደሉም። በረዶ 0 ዲግሪ ላይ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል፤ ፖሊስታይሪን ግን በፍም ላይ እንደተጣለ የዕጣን ሙጫ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ከጠጣርነት ወደ ልስላሴ የሚሸጋገረው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ሞለኪውሎቹ እንደታሠሩ ይቆያሉ፤ ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ጫና ካለበት ግን 100 ዲግሪን ሳይጠብቅ ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ሊጎብጥ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ክፍሎቹ ሲሠሩ ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ ፕላስቲክ በመቶዎች በሚቆጠር አትሞስፌር ግፊት ወደ ቀዝቃዛ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይወጋል። ሞለኪውሎቹ በፍሰቱ አቅጣጫ ይለጠጣሉ፤ ተመልሰው ሳይጠቀለሉም ፕላስቲኩ ይረጋል። እያንዳንዱ የመኪና ጣራ፣ እያንዳንዱ በር ከፋብሪካ ሲወጣ እንደተለጠጠ ላስቲክ የታሠረ ውጥረት ይዞ ነው የሚወጣው። ሙቀት ሲመጣ እስሩ ይላላል፤ የቀጠኑት የመስኮት ቋሚዎች ይኮማተራሉ፣ ጣራው ይጣመማል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በጣም የሞቀ ውኃ ይጨምር። ጠርሙሱ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራና ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ የሚለሰልስ ስለሆነ ዓይናችን እያየ ይኮማተራል። ጠርሙሱ አልቀለጠም፤ ከመነፋቱ በፊት ወደነበረው ቅርጽ ለመመለስ እየሞከረ ነው።

ጥቁር ቮልስ፣ ነጭ ቮልስ

በሰመራ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። 42 እንበል። ይህ ከ100 ዲግሪ እጅግ የራቀ ስለሆነ አምሳያው ምንም የሚያሠጋው አይመስልም። ሆኖም 42 የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ የዕቃው አይደለም።

በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ያህል ታፈስሳለች። ጥቁር ቀለም ከዚህ 95 በመቶውን ይውጣል። ነፋስ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ጣራ ከላይና ከታች በድምሩ፣ ከአየሩ በበለጠበት በእያንዳንዱ ዲግሪ፣ በካሬ ሜትር 20 ዋት ያህል ያጣል ብለን ብንወስድ 950 ለ20 ሲካፈል 47 ተኩል ይሆናል። ጥቁሩ ጣራ 42 ሲደመር 47፣ ማለትም ወደ 89 ዲግሪ ይደርሳል። የሚውጠው 25 በመቶ ብቻ የሆነ ነጭ ጣራ ግን ከ54 ወይም ከ55 ዲግሪ አያልፍም። አንዱ ከአደጋው ደጃፍ ደርሷል፤ ሌላው በሰላም ተቀምጧል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቀለም ብቻ ነው።

ፍጥነቱም ሊታሰብበት ይገባል። 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፖሊስታይሪን በካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ የሚይዘው ሙቀት 1365 ጁል ገደማ ነው። ይህን ለ20 ብናካፍል 68 ሴኮንድ እናገኛለን። ጣራው ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ የሙቀት ጭማሪውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያገኘዋል። «ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኩት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ለፕላስቲኩ ዘላለም የሚያህል ጊዜ ሰጥቶታል። ከመኪና መስታወት ሥር ባለው ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠማ ሙቅ አየሩ መውጫ ስለሌለው ከዚህም የባሰ ይደርስበታል።

ደጋው ግን በሁሉም ነገር ይሻላል ማለት አይደለም። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፖሊስታይሪንን የሚያቢጫውና የሚያሰባብረው ይኸው ጨረር ስለሆነ፣ ብርሃን በሚያሳልፉት የመስኮት ክፍሎች ረገድ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከሰመራ የከፋች ናት።

ጎማው ጠርዙን ሲበላ

ዕቃው ጥላ ውስጥ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ብንልም ችግሩ አያበቃም። የአሮጌ አምሳያዎች ትልቁ ጠላት አብሯቸው ታሽጎ የመጣው ጎማ ነው።

ብዙዎቹ የ1/24ና የ1/25 አምሳያዎች ለስላሳ ጎማ አላቸው። ጎማው እውነተኛ ላስቲክ ሳይሆን ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ግትር ስለሆነ እንዲለሰልስ ዘይት መሰል አለስላሽ ኬሚካል በብዛት ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ከፒቪሲው ጋር የተቀላቀለ እንጂ የተዋሐደ ስላልሆነ በዓመታት ውስጥ እየሰረገ ይወጣል። ጎማው ከፖሊስታይሪን ክፍል ጋር ከተነካካ ኬሚካሉ ወደዚያ ይሻገራል፤ የተነካውን ቦታ መለስለሻ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ ጠንካራው ፕላስቲክም እንደ ጭቃ ይሆናል። አሮጌ ሣጥን የከፈተ ሰብሳቢ በመኪናው በር ላይ የጎማ ጥርስ እንደ ማኅተም ታትሞ ያገኛል፤ በተገጣጠመ መኪና ደግሞ የመንኮራኩሩ ጠርዝ ተበልቶ ይታያል።

ይህ ስርገት በሙቀት ይፋጠናል። በምን ያህል? የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚያውቁት የአሬኒየስ ሕግ ለዚህ ይበቃናል። ለስርገቱ የሚያስፈልገውን የማነሣሻ ጉልበት በአንድ ሞል 80 ኪሎ ጁል ብለን እንውሰድ፤ ለዚህ ዓይነት ክስተት አግባብ ያለው ግምት ነው። ሙቀቱን ደግሞ ከከፍታ እንገምት። አየሩ በ1000 ሜትር 6 ተኩል ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል። የአዲስ አበባን የዓመት አማካይ 16 ዲግሪ ብንል፣ 1400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችው አዋሽ 25 ዲግሪ፣ ወደ 2000 ሜትር የምትጠጋ ዝቅ ያለችው ሰመራ ደግሞ 29 ዲግሪ ይሆናሉ።

ስሌቱ አዋሽ ላይ ስርገቱ ከአዲስ አበባ 2.7 እጥፍ፣ ሰመራ ላይ 4.2 እጥፍ እንደሚፈጥን ይነግረናል። አዲስ አበባ ላይ 40 ዓመት የፈጀው ጥፋት አዋሽ ላይ በ15 ዓመት፣ ሰመራ ላይ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል ማለት ነው። ይህም ለጋስ ግምት ነው። የሕጉ ባሕርይ ሆኖ የቀኑ ሞቃት ሰዓቶች ያፋጠኑትን ቀዝቃዛዎቹ ሌሊቶች አያካክሱትም፤ በመሆኑም በአማካይ ሙቀት የተሠራ ስሌት ጥፋቱን አሳንሶ ያሳያል። የመምህራችን ቮልስ አባቱ ዘንድ የኖረውን ዕድሜ ያህል ልጁ ዘንድ አይኖርም፤ ጎማው ከሌሎቹ ክፍሎች ካልተለየ።

መለየቱ የደቂቃ ሥራ ነው። ጎማዎቹን ለብቻ በወረቀት ጠቅልሎ ከሣጥኑ ማውጣት፣ በተገጣጠመ መኪና ላይ ደግሞ በጎማውና በጠርዙ መካከል ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ማስገባት ይበቃል። ብረትን ይህ ኬሚካል ሊሻገረው አይችልም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ፊዚክስና ገበያ ይጣላሉ። በሰብሳቢዎች ዘንድ ፋብሪካው እንዳሸገው ያለ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ሣጥን ከተከፈተው እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ከፍቶ ጎማውን ያወጣ ሰው ዋጋውን በገዛ እጁ ቀንሷል ይባላል። በእኔ አስተያየት ይህ የደጋና የቀዝቃዛ አገር ሰዎች ሕግ ነው። ያ ስስ ላስቲክ ራሱ በሙቀት የሚኮማተር፣ እንደ ሃይላንዱ ጠርሙስ የታሠረ ውጥረት ያለበት ፕላስቲክ ነው። ሙቀት ባገኘ ቁጥር እየጠበበ ካርቶኑን ያጎብጠዋል፤ ካርቶኑም ውስጥ ያለውን ይጫናል። በሰመራ የታሸገ ሣጥን ይዞ ዋጋውን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ካርቶን ነው፤ ውስጡ ያለውን መኪና በየዓመቱ እያጣው ነው። መምህራችን ላስቲኩን ቢቀድደው እመርጣለሁ።

ዕድሜን ስለመገመት አንድ ነገር እናክል። የብረቱ ቅርጽ ማውጫ ለአሥርት ዓመታት ስለሚያገለግልና ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ስለሚሸጥ ያው መኪና በተለያየ ሣጥን ደጋግሞ ይታተማል። «አሮጌ ነው» የተባለ ሁሉ አሮጌ አይደለም። ቅርጽ ማውጫው እያረጀ ሲሄድ ግጥምጥሙ ይላላና በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ስስ ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠርዙ ጥርት ያለው ቀደም ሲል፣ ትርፍ የበዛበት በኋላ የታተመ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምሳያዎች፣ የ1949ኙን ትራክተር ጨምሮ፣ ከፖሊስታይሪን ሳይሆን ከሴሉሎስ አሲቴት የተሠሩ ስለነበሩ ደጋም ላይ ቢሆን በራሳቸው ጊዜ ይጣመማሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ የዚያ ዘመን አምሳያ ያየ ሰው ሊጠራጠር ይገባዋል።

የቆርቆሮው ከባድ መኪና

በሀገራችን ሕፃናት ከሽቦ፣ ከጣሳና ከጠርሙስ ክዳን መኪና ሲሠሩ ያላየ የለም። በከባድ መኪና መንገድ ዳር ባደገ ልጅ እጅ የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነተሳቢው ነው፤ በአሰብ መንገድ ዘመን ኤንትሬ የሚባለው ፊያት የብዙዎቹ አርአያ ነበር። ምጣኔው በዓይን የተለካ ቢሆንም ጎማው ከአካሉ፣ ተሳቢው ከጎታቹ ጋር ያለው ልክ ብዙም አይስትም። ከቁሳቁስ ጥናት አንጻር እነዚህ መኪናዎች ለቆላው የተመረጡ ይመስላሉ። ሽቦና ቆርቆሮ በ89 ዲግሪ ቅርጻቸውን አይለውጡም። ክዳኑ የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ሞለኪውሎቹ በከፊል በሥርዓት የተደረደሩ ስለሆኑ እስከ 130 ዲግሪ አካባቢ አይቀልጥም፤ የሚጎዳው በሙቀት ሳይሆን በፀሐይ ጨረር ነው። እነዚህን መኪናዎች በሠሪው ዕድሜ፣ በቦታና በዓመተ ምሕረት መዝግቦ የሚሰበስብ ሰው ቢነሣ ከውጭ ከሚመጣ ከማንኛውም ሣጥን ያላነሰ ነገር ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

የተጣመመውን ማቃናት

አምሳያው ተጣምሞ ከሆነስ? የለሰለሰ ፕላስቲክ ሲጣመም እንደታዘዘ ሁሉ ሲቃናም ይታዘዛል። የተጣመመው ክፍል ከጠፍጣፋ መስታወት ጋር በክር ታስሮ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ የውኃው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ተነሥቶ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል፤ ክፍሉ እጅ ሲሰጥ እሳቱ ይጠፋና ከነመስታወቱ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ቶሎ ማቀዝቀዝ አዲስ ውጥረት ማሠር ነው። የተሰበረ ካለ ማስቲሽ ላዩን ያያይዘዋል እንጂ አያዋሕደውም። ለአምሳያ የተሠራው ማጣበቂያ ግን ፖሊስታይሪኑን ራሱን አሟሙቶ የሁለቱን ወገን ሞለኪውሎች ያጠላልፋል። የዚህ ማጣበቂያ ትነት ለሳንባና ለአንጎል ጎጂ በመሆኑና በቆላው ሙቀት ፈጥኖ ስለሚተን ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን።

በማቃናቱ ሥራ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ውኃ ሰመራ ላይ በ98 ተኩል ዲግሪ፣ አዋሽ ላይ በ97፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአዲስ አበባ ፈላ ውኃ ፖሊስታይሪን ከሚለሰልስበት ሙቀት 8 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የሰመራው ጫፉ ላይ ይደርሳል። መኪናውን በቀላሉ የምታጣምመው ከተማ በቀላሉ የምታቃናውም እርሷ ናት።

ይህን በትምህርት ቤት መፈተን ይቻላል። ያለቀ የቢክ እስክርቢቶ ቀለሙን ማውጣት፤ አካሉን በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ በድስት ውኃ ውስጥ ማጋደም፤ መካከሉ ላይ 200 ግራም የሚመዝን ቁልፍ ወይም ድንጋይ በሽቦ ማንጠልጠል፤ ውኃውን በዝግታ እያሞቁ እስክርቢቶው መጉበጥ የሚጀምርበትን ሙቀት በቴርሞሜትር ማንበብ ነው። መምህር አጠገብ ይኑር፤ እጅ ወደ ውኃው አይግባ። የአዲስ አበባ ተማሪዎች እስክርቢቶው ሳይጎብጥ ውኃው ከፈላባቸው ክብደቱን በ50 ግራም እየጨመሩ ይድገሙት። የሰመራና የአዋሽ ተማሪዎች በዚያው በ200 ግራም ያገኙትን ቁጥር ከእነርሱ ጋር ያስተያዩት።